ዝቅ ባልኩበት ቆረጡኝ

ቴቱዋን፣ ዙልቃዕዳ 6 ቀን 1422

ብራስልስ ለሚኖረው ለወንድሜ ልጅ ለቱሃሚ ይድረስ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። አላህ በሰው አገር ከብርዱም ከሰው ዓይንም ይጠብቅህ፤ የእናትና የአባትህን ቀብር ኑር ያድርግልህ። ሰላምታዬ እስከዚህ ነው። ቀጥሎ ያለው ይጎመዝዛልና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው መውሊድ መጥተህ በዚክር ቤታችን በዛዊያው የቀዳኸው መንዙማ በዲስክ ታትሞ ደርሶኛል። እናንተ «ሲዲ» ትሉታላችሁ አሉ። እኔ ሲዲ፣ ጌታዬ፣ ብዬ የምጠራው የነቢዩን ዘር ሸሪፎችንና ሟቹን አባቴን ነው፤ ለዚህች አብረቅራቂ ክብ እንዲህ ያለ ማዕረግ አልሰጥም። ቢሆንም ሽፋኑ ላይ «ላላ ፈቱማና ሴቶቿ» ተብሎ ከእመቤትነት ማዕረጌ ጋር በወርቅማ ቀለም ተጽፎ ሳይ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። አርብ ዕለት ከኩስኩሱ በኋላ ባለ ፋርማሲዋ ጎረቤቴ ሎብና ቤት ተሰበሰብን። አብረውኝ የሚያዜሙት ሴቶች ሁሉ መጡ። ድቤው ጥሩ ነው፤ ደረት ይመታል። ተቀባዮቹም ጥሩ ናቸው። «ቱሃሚን አላህ ይባርከው» እየተባለ ሻይ ተቀዳ።

ከዚያ የመንዙማው መዝጊያ መጣ።

መዝጊያውን ታውቀዋለህ። ያን ምሽት ማይክሮፎኖችህን አቁመህ፣ ከሴቶቹ መሃል ወጥተህ፣ ከግድግዳው ወዲያ ጆሮህን በማዳመጫ ሸፍነህ ትሰማ ነበር። የነቢዩ ስም ሲቃረብ ድምፅ ዝቅ ይላል። አስተማሪዬ «ስሙ ላይ የሚጮህ አሳዳጊ የበደለው ነው» ይሉ ነበር። ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ፤ ስሙ ጋ ሲደረስ ትንፋሽ ብቻ ይቀራል። ሴቶቹ የሚያለቅሱት እዚያ ነው።

ዲስኩ ላይ ግን ዝቅ ማለት ስጀምር ድምፄ ሻከረ። ቀጥሎ መጥበሻ ላይ እንደወደቀ ሰርዲን ተንጫጫ። ከዚያ ብቅ ጥፍት፣ ብቅ ጥፍት። ስሙ ጋ ስንደርስ ጭጭ። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ላለማየት የሻይ ብርጭቋቸውን ያዩ ጀመር። ሎብና «ላላ፣ ያን ቀን አሞዎት ነበር እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ያን ቀን እንዳዜምኩት በዕድሜዬ አዚሜ አላውቅም።

ዲስኩ በከተማው ይሸጣል። የዛዊያው ኃላፊ ሲ ምፈደል ሰምቶት፣ «የላላ ድምፅ አለቀ፤ ዘንድሮ መዝጊያውን ራህማ ትያዘው» ብሏል አሉ። ራህማን ከልጅነቷ ጀምሮ ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሷን አልጠላም። ነገር ግን ቦታዬን የሚወስድብኝ ሰው ፊቴን አይቶ ይውሰድ እንጂ አንዲት የውሸት ዲስክ ይዞ አይምጣ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፤ በነቢዩ ስም ላይ የቆረጠኝ ማን ነው?

አላህ እጅህን ከሐራም፣ ጆሮህን ከመደንቆር ይጠብቅ።

አክስትህ ፈቱማ

*

ብራስልስ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2002

ለማከብርዎ አክስቴ ለላላ ፈቱማ።

ሰላምና ጤና ከነበረካው ይብዛልዎ። ዕድሜዎን አላህ ያርዝምልን፤ ከአባቴ በኋላ ጥላዬ እርስዎ ነዎትና። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው ቆሽሾ መንገድ ዳር ተከምሯል፣ ሥራ ይበዛል፣ ቀኑ ያጥራል።

ደብዳቤዎ አሳዘነኝ። አክስቴ፣ አይቆጡኝና ነገሩ ከዲስኩ ላይሆን ይችላል። የሎብና ማጫወቻ አርጅቶ ወይም አቧራ ገብቶበት ከሆነ እንዲሁ ያንጫጫል። በስስ ጨርቅ ይወልውሉት። ያን ምሽት እኔ የሰማሁት ድምፅ አንዳች እንከን አልነበረበትም። የማጠናቀቂያውን ሥራ የሠራው የምሠራበት የቀረጻ ድርጅት ባለቤት ሙሴ ሄርማን ነው፤ በሥራው ንጽሕና የታወቀ ሰው ነው። የታተመውን እስከ መጨረሻው ለመስማት ጊዜ አላገኘሁም እንጂ ጋዜጣ ላይ አመስግነውታል።

ደግሞስ ለምን ይጨነቃሉ? ሲ ምፈደልን ቤት ይጥሩትና ፊቱ ተቀምጠው መዝጊያውን ያዚሙለት። ያኔ አፉን ይይዛል። ለራህማና ለሴቶቹ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

እጅዎን የሚስመው
ቱሃሚ

*

ቴቱዋን፣ ዙልሒጃ 2 ቀን 1422

ለክቡር ሲ ቱሃሚ፣ ብራስልስ።

ክቡርነትዎ እንደምን አሉ? ጊዜ የሌለዎት ሰው ስለሆኑ ሰላምታውን አሳጥሬልዎታለሁ።

በስስ ጨርቅ ወልውሉት ብለው ያዘዙትን ወልውለናል። የሎብና ማጫወቻ ባለፈው በጋ ከሴብታ የመጣ አዲስ ነው። በእሱ ሰማነው፤ ተንጫጫ። በወንድሟ መኪና ሰማነው፤ ተንጫጫ። ዲስኩን የሚሸጠው ሰውዬ ሱቅ ድረስ ሄጄ ከፕላስቲኩ ያልወጣ ሌላ አስከፍቼ ሰማሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ ተንጫጫ። የከተማው ማጫወቻ ሁሉ ተማክሮ ካልዶለተብኝ በቀር፣ ክቡር ሆይ፣ ነገሩ ከእናንተ ነው።

ሲ ምፈደል ራሱ መጥቶ ነበር። አንድ ኪሎ ሙዝ ይዞ መጣ፤ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ላላ፣ ዕድሜ ከአላህ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም» አለኝ።

«ሲ ምፈደል፣ ያፈርኩ መስዬ ታየሁዎት?»

«የለም፣ ማለቴ... ዲስኩን ሰማን። ሰው ያወራል። መውሊዱ ላይ እንዲያ ቢሆንብዎ ለእርስዎም ደግ አይደለም።»

«ያን ምሽት ከሴቶቹ መጋረጃ ወዲያ ነበሩ ወይስ አልነበሩም?»

«ነበርኩ።»

«ድምፄ ተቆርጦ ነበር?»

«ያኔማ የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አለ። የሰማሁ መስሎኝ ነበር። በገዛ ጆሮው የሰማውን ትቶ ዲስኩን አመነ። ሙዙን ለሎብና ልጆች ሰጠሁት።

በማግስቱ ራህማ እያለቀሰች መጣች። በሩን አልከፈትኩላትም። መክፈት ነበረብኝ፤ ልቤ ግን እምቢ አለኝ።

ስለ ሌላው ምክርህ፣ ፊቱ አዚሚለት ስላልከው፣ የምጽፈው የለኝም።

ዒዱ ደርሷል። እንግዲህ ስማው። ሳትሰማ አትጻፍልኝ።

ፈቱማ

*

ብራስልስ፣ ማርች 20 ቀን 2002

ለማከብርዎ አክስቴ ለላላ ፈቱማ።

የአላህ ሰላም በእርስዎ ላይ ይሁን። ዒዱን ሳልጽፍልዎ አሳለፍኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። የዘገየሁት ከነገሩ ሥር ሳልደርስ አልጽፍም ብዬ ነው።

ሰማሁት። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ስቱዲዮው ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ ሰማሁት። ሴቶቹ የሻይ ብርጭቆ ያዩት ለምን እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ እኔ ጋ ያለውን ዋናውን ቅጂ ከፈትኩ። እዚያ ሁሉም አለ፤ እርስዎ አሉ፣ ስሙ አለ፣ ከስሙ በኋላ የሚወጣው ትንፋሽዎ አለ። ሙሴ ሄርማን ሲመለስ ጠየቅሁት።

«መጨረሻው ላይ ምን አደረጉ?»

«አጸዳሁት።»

«ምኑን?»

«ክፍሉን። ክፍሉ ይተነፍሳል፣ ሴቶቹ ይተነፍሳሉ። ዲስክ የሚገዛ ሰው የሰው ትንፋሽ አይገዛም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ አስራ ስድስት ቢት አወረድኩት።»

«እንዴት አድርገው?»

«ቆረጥኩታ። የታችኛውን ማን ይሰማዋል?»

ነገሩን ልግለጽልዎ። ማሽኑ ድምፅን የሚለካው በደረጃ ነው። እኔ ስቀዳዎት ደረጃዎቹ ጥቃቅንና ብዙ ነበሩ፤ ሃያ አራት ቢት እንለዋለን። ዲስክ የሚይዘው ግን አስራ ስድስት ብቻ ነው፤ ደረጃዎቹ ትልልቅ ናቸው። ድቤውንና ተቀባዮቹን ይህ አይጎዳቸውም። የእርስዎ መዝጊያ ግን ከመጨረሻዎቹ ደረጃዎች አጠገብ ነው፤ ስሙ ጋ ሲደርሱማ ከሁሉም በታች ነዎት። እንዲሁ ሲቆረጥ ድምፁ ወይ ደረጃው ላይ ይዘላል ወይ ወለሉ ላይ ይፈጠፈጣል፤ መሃል መቆሚያ የለውም። የተንጫጫው መዝለሉ ነው። ጭጭ ያለው ወለሉ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከመቁረጡ በፊት ሽው የሚል እጅግ ስስ ድምፅ ይጨምርበታል። በሙያችን ዲዘር ይባላል። ያ ሽውታ ትንሿን ድምፅ አንዴ ደረጃው ላይ ያደርሳታል፣ አንዴ ይተዋታል፤ ግን የሚያደርሳት በከፍታዋ ልክ ስለሆነ ጆሮ ሳትሰበር ይሰማታል። የዛዊያው የራሱ ትንፋሽ እንኳ ባይጠረግ ኖሮ ይህን ሥራ በከፊል ይሠራላት ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ የሚሸከምዎትን ጠረገ፣ ቀጥሎ እርስዎን ቆረጠ።

እንደገና እንሥራው፣ የታተመውን ከየሱቁ እንሰብስበው አልኩት። «ለአንዲት አሮጊት?» አለኝ። የመለስኩለት ለእርስዎ ዓይን አይሆንምና አልጽፈውም።

ከእንግዲህ ደብዳቤዎን በቤቴ አድራሻ ይላኩልኝ፤ ከታች ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ዝም አሉኝ። ሲ ምፈደል ፊት ለምን አላዜሙም?

እጅዎን የሚስመው
ቱሃሚ

*

ቴቱዋን፣ ሙሐረም 22 ቀን 1423

ለወንድሜ ልጅ ለቱሃሚ።

የአላህ ሰላም ይድረስህ። አሁን ስለሰማህ ልጄ ብዬ እጠራሃለሁ።

ደብዳቤህን ሎብና ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ በሦስተኛው ወረቀቱን ነጠቅኋት። «የታችኛውን ማን ይሰማዋል» ነው ያለው? ንገረው፤ ዝቅ ያልኩለት ይሰማዋል። እኔ ለሙሴ ሄርማን ብዬ አልነበረም ዝቅ ያልኩት። ለደንበኛውም አይደለም። የሰውን አደብ ቆሻሻ ነው ብሎ ጠርጎ፣ ከዚያ ስሜን በወርቅ ጽፎ ይሸጠኛል። እንግዲያ ወርቁን ለራሱ ያድርገውና ስሜን ይፋቅልኝ። ትንፋሽ አይገዛም አለ? ሞኝ ነው። መንዙማ ከትንፋሽ ሌላ ምን አለው?

አሁን ደግሞ ወዳንተ ልምጣ። መድኃኒቱ ጫጫታ መጨመር ነው ትለኛለህ። እሱ ሲቆርጠኝ፣ አንተ ደግሞ ነፋስ ልትነፋብኝ ነው? አንዱ «አለቀላት» ቢለኝ ሌላው «በጭስ ሸፍኗት» ይላል። ሙሽራ አይደለሁም በመጋረጃ የምገባው። ድምፄ ጥራት ካለው ብቻውን ይቁም፤ ከሌለው ደግሞ ይውደቅ፤ ምርኩዝ አልለምንም።

ይህን ጽፌ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። ሎብና «ላላ፣ ሳይሰሙ ከፈረዱ ከሲ ምፈደል በምን ተለዩ?» አለችኝ። ምላሷ መርፌ ነው፤ መድኃኒት ቤት ስለዋለች ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም ላክልኝ፤ የተቆረጠውንም፣ ሽውታ የገባበትንም። የቱ የቱ እንደሆነ ግን አትጻፍበት። ጆሮዬ ይፍረድ።

ስለ አድራሻህ ለምን ተቀየረ ብዬ አልጠይቅህም። ምሳህን ግን በሰዓቱ ብላ።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር፤ ጉሮሮዬን ትንሽ ብርድ መትቶታል። ሌላ አይደለም።

አላህ እንጀራህን ከማያዋርድህ በር ያምጣልህ።

አክስትህ ፈቱማ

*

ብራስልስ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2002

ለማከብርዎ አክስቴ።

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዲስኩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። መዝጊያው ሁለት ጊዜ አለበት፤ እንዳዘዙኝ ምንም አልጻፍኩበትም። ሁለቱም ከአንዱ ከዋናው ቅጂ የመጡ ናቸው። ዋናው ቅጂ በእኔ ማሽን የተቀዳ ስለሆነ ሙሴ ሄርማን ሊከለክለኝ አይችልም። የሠራሁት ጓደኛዬ ቤት፣ በሱ ኮምፒዩተር ነው። አሁን ሥራዬ በጠዋት አትክልት ተራ ስለሆነ ከሰዓት በኋላዬ ለዚህ ተርፎልኛል። አይዘኑልኝ፤ ብርቱካን መሸከም ጆሮ ያሳርፋል።

ምርኩዝ ስላሉት ነገር መከራከር አልፈልግም። እርስዎ ይስሙት። ካልወደዱት ይሰብሩት።

ግን አክስቴ፣ ብርድ ከዒድ እስከ ጸደይ ይቆያል እንዴ? ባለፈው ሎብና ቤት ደውዬ «ተኝተዋል» አሉኝ። በሁለተኛውም ተኝተዋል። እርስዎ ደግሞ ቀን የሚተኙ ሰው አይደሉም።

ቱሃሚ

*

ቴቱዋን፣ ረቢዑል አወል 13 ቀን 1423

ለዓይኔ ብርሃን ለቱሃሚ።

ከነቢያችን የልደት ቀን በረካ የአንተን ድርሻ አላህ ባለህበት ያድርስልህ። አሜን በል።

ዲስኩ መውሊዱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደረሰ። ለብቻዬ አልሰማሁትም። ሲ ምፈደልን አስጠራሁት፣ ራህማንም አስጠራኋት፤ በዚህ ጊዜ ግን በሩን ራሴ ከፈትኩላት። ሎብና ቤት ሳሎን ተቀመጥን። ራህማ ከበሩ አጠገብ፣ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እንግዳ መስላ።

መጀመሪያ የተጫወተው ያው የምናውቀው ነው። ተንጫጫ፣ ብቅ ጥፍት አለ፣ ጭጭ። ሲ ምፈደል መሬት መሬት አየ።

ሁለተኛው ሲጀምር ሽውታውን ወዲያው ያወቅሁ መሰለኝ። ሲ ምፈደልም «መስኮቱ ተከፍቷል እንዴ?» አለ። ፊቴ ጋለ። ይኸው ነፋሱን ነፋብኝ ብዬ ዲስኩን ለማውጣት ተነሣሁ። ሎብና ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ቱሃሚ፣ ድምፄ ዝቅ አለ፤ ግን አልሻከረም። ሽውታው ባለበት ቆመ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ ትንሽ ቆይቼ ረሳሁት። እኔ ብቻ እየወረድኩ ሄድኩ። ያስተማሩኝን ቦታ ሁሉ፣ ትንፋሽ የምሰርቅበትን፣ ምላሴን የማሳርፍበትን፣ አንድ በአንድ ሰማሁት። ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ። ስሙ ጋ ስደርስ ሲ ምፈደል ሳያስበው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ስሙን ለሰማ የሚገባውን ሰለዋት አወረደ።

«ምን ሰምተው ነው?» አልኩት።

ግራ ገባው። «ስሙን ነዋ፣ ላላ።»

«ሰሙት?»

«ሰማሁት።» ከዚያ ምን እንዳለ ራሱ ገባውና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ላላ። ያን ምሽትም ሰምቼዋለሁ። በአላህ እምላለሁ፣ ያን ምሽትም ሰምቼዋለሁ።»

ይቅር አልኩት፤ ወዲያው ግን አይደለም። ሻይ እስኪፈላ አቆየሁት። ለሰሙት ነገር ምስክር ካልሆኑ ጆሮ ምን ያደርግልዎታል ብዬዋለሁ። ለሙሴ ሄርማንም በዛዊያው ማኅተም ደብዳቤ ጽፏል፤ ስሟን ከዲስኩ ላይ አንሳ፣ ወይም እንደገና ሥራው ብሎ። መልስ የለም። አይኖርም ይሆናል። ዲስኩ አሁንም ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ እስክሞት የሚበርድልኝም አይመስለኝም።

ሲ ምፈደል ሊሄድ ሲል «እንግዲህ መዝጊያው የእርስዎ ነው፣ እንደ ዱሮው» አለ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። አንተም ከእኔ ስማው። ድምፄ የለም፣ ልጄ። ከረመዳን ወዲህ የለም። ሐኪሙ ጉሮሮዬ ላይ የበቀለ ነገር አለ፣ አውጥተነዋል፣ ክፉ አይደለም፣ ግን እንዳታዜሚ ብሎኛል። ስናገር እንደ ዛገ በር ነኝ፤ ለሰው ሁሉ ብርድ ነው እያልኩ ከረምኩ። ለዚህ ነው በስልክ ያልተገኘሁት፤ ለዚህ ነው ሲ ምፈደል ፊት ያላዜምኩት። ለአንተ ያልጻፍኩልህ፣ «እንግዲያ ዲስኩ እውነት ነው» ትለኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው። የታመምኩት ዘንድሮ ነው እንጂ ያን ምሽት አይደለም ብል ማን ያምነኝ ነበር? ያን ምሽት እንደነበርኩ የሚመሰክርልኝ አንተ የቀዳኸው ብቻ ነበር፤ እሱንም ቆርጠው ሐሰተኛ ምስክር አደረጉብኝ። የተናደድኩት ለዚህ ነው።

«መዝጊያው የእኔ ነው ብለዋል?» አልኩት ሲ ምፈደልን።

«የእርስዎ ነው።»

«የእኔ ከሆነ ለፈለግሁት እሰጣለሁ።» ወደ በሩ ዞርኩ። «ራህማ፣ ነይ እዚህ። ከእንግዲህ ጫፍ ላይ አትቀመጪ።»

ልጅቷ ተነሥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ላላ፣ እኔ እንደ እርስዎ መውረድ አልችልም» አለችኝ። «እንደ እኔ አትውረጂ፤ የምትፈሪው ቦታ ስትደርሺ አትቸኩዪ ብቻ» አልኳት። ያን ሳምንት በየቀኑ መጣች። ማዜም ስለማልችል በእጄ አሳየኋት፤ እጄን ወደ ታች ሳወርድ ትወርዳለች።

መውሊዱ ትናንት ማታ አለፈ። ዛዊያው ሞልቶ ሴቶቹ እስከ ደጅ ተቀምጠው ነበር። እኔ ከራህማ ጎን ተቀመጥኩ። ድቤው ቆመ። መዝጊያውን ጀመረች። እጄን ላወርድላት አሰብኩና ተውኩት፤ አላስፈለጋትም። ስሙ ሲቃረብ ዝቅ አለች። ከሴቶቹ የምትተነፍስ አልነበረችም። ስሙን አለችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ልነግርህ አልችልም፤ እዚያው ጎኗ ተቀምጬ፣ ዝቅ ብላ ብላ መቼ እንደጨረሰች እንኳ አላወቅሁም።

በዱዓዬ ውስጥ ነህ። በጋ ላይ ና፤ ማሽንህንም ይዘህ ና።

አክስትህ ፈቱማ